ስለ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ስለ «ዶክተር ጭጭ» ድንገተኛ ሞት ከኢንሱሊን ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር

ዛሬ ጠዋት ነጩን ልብስ ገና ሳንለብስ ጥበቃው እየሮጠ መጣ። የዶክተሯ እህት ደውለው ነበር፤ ዶክተሯ ንጋት ላይ ልባቸው ቆሞ አርፈዋል። ማንም አላመነም። የማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊዋ ሄዳ ቢሯቸውን ከፈተች፤ የሥራ ነጠላ ጫማቸው ከጠረጴዛው ሥር እንዳለ ነው። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለች። ማኅበራችን በጣም አዝኗል። ምን ይደበቃል፣ ፈርቷልም።

«ዶክተር ጭጭ» ያልናቸው እኛ ነን። ከሌላ አገር የመጡ ተመራማሪ ነበሩ፤ ስብሰባ ላይ በሩ ጥግ ይቀመጡና ጭጭ። ስሙን ሲሰሙ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም።

የሠሩትን ባጭሩ፦

ከአሥር ዓመት በፊት። ኢንሱሊን የሚሰጠውን እርሾ ድሮ ዕቃ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል አሳደጉ። ከዚያ በፊት ጭነት ከውጭ ከዘገየ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ይጨነቅ ነበር።

በዓመቱ። ሥራ አስኪያጅ ይሁኑ ሲባል አንድ የቦርድ አባል በሁላችንም ፊት፣ ይቺ መጤ ከእርሾ ጋር እንጂ ከሰው ጋር መች ታወራለች አሉ። ዶክተሯ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ «እውነታቸውን ነው፤ ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። እናንተስ ምን ትፈራላችሁ?» አሉ። ከመጋዘን አንዱ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ቶሎ አይነሳም አለ። በሳምንቱ ተሠራ። ሹመቱም ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ። በየጠዋቱ ክብ ሠርተን የምንፈራውን እንናገራለን። የራሱን ፍርሃት ራሱ የሚሸከም የለም፤ ለእያንዳንዱ ፍርሃት ዶክተሯ መፍትሔ የሚፈልግለት ሌላ ሰው ባለቤት አድርገው ይመድቡለታል። የሚጀምሩት እርሳቸው ናቸው፤ የእርሳቸው ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፦ እናንተ ፊት መናገር። እንስቅና ወደ ቀጣዩ እናልፋለን።

ባለፈው ክረምት። የማኅበሩ ሰብሳቢ ልጅ ስኳር ተገኘባት። አባትየው መድኃኒት ብታጣስ ብሎ ሲፈራ፣ የዚያ ፍርሃት ባለቤት ራሳቸው ዶክተሯ ሆኑ። የመጠባበቂያው ማቀዝቀዣ በዚያ ሰበብ መጣ፤ ዛሬ የብዙ ሰው ልጅ በእሱ ውስጥ በተቀመጠ መድኃኒት ይኖራል።

አዲሱ ምርት በዚህ ሳምንት ካልተፈተሸ አይወጣም፤ የሚፈትሹት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ክብ ሠርተን ቆምን፤ የሚጀምር ጠፋ። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የሁላችን እናት፣ «ያለ እሳቸው ብንሳሳትስ?» አሉ። ለዚህ ፍርሃት የዶክተሯ ምክትል ባለቤት ሆኑ። ስለዚህ መድኃኒቱ አይቋረጥም።

ለእህታቸውና ለእህታቸው ልጆች፦ ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ በራችን በራችሁ ነው። ለሥራ ባልደረቦች በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ትናንት ጠዋት ዶክተሯ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ፦ «እኔ ዛሬ ደረቴን ፈርቻለሁ።» እኛም እንደ ልማዳችን ወደ ቀጣዩ አለፍን። የሁላችንም ፍርሃት ባለቤት አገኘ። የእርሳቸው አላገኘም። ይህ ዕዳ አልተከፈለም።