የሽታዬ ምንጭ

ዳንግላ፣ ታኅሣሥ ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝግባ ሥር ለምስክርነት ቆመው «ሽባባው ጎሹን ወለደ፤ ሌላ ልጅ አልነበረውም» ባሉ ጊዜ፣ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች የሽታዬን ስም ትጠብቅ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜውኑ ነገሩ እንዳበቃ ገባኝ።

ከሰላምታ በፊት ይህን በማስቀደሜ ይቅር ይበሉኝ። እንደምን ሰነበቱ? የዘንድሮው ብርድ ወገብዎን እንዴት አደረገዎ? ባለቤትዎስ፣ ልጅዎ ሸጋስ፣ ከብቱስ ደኅና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ማስተማሩንም ለምጀዋለሁ።

ዛሬ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ስለ አካባቢያችን ሳስተምር የኛን መንደር በጠመኔ ሣልሁላቸው። ከላይ ቀርከሃው፣ ከታች ፈረስ የሚሰማራበት ረግረግ መስክ፣ በጎን ወደ ጥርባ የሚወስደው መንገድ፣ መካከል ላይ ምንጩ። አንዲት ልጅ «ለምን የሽታዬ ምንጭ ተባለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌ ላይ የመጣው የእርስዎ ቃል ነበር።

ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ በበቅሎ አፈናጥጠው ሲያመጡኝ መንገዱን ሙሉ በአገውኛ ያወጉኝን አልረሳሁትም። ሽባባው ከኳኩራ በኩል መጥቶ ቀርከሃውን መነጠረ፤ ውኃ አጥቶ ሊመለስ ሲል ልጁ ሽታዬ የጠፋች ባዝራ ተከትላ ሄዳ ምንጩን አገኘች፤ አባቷም ከምንጩ ግርጌ ያለውን መሬት ለእሷ ሰጥቶ ከወንድሟ ከጎሹ ጋር እኩል አደረጋት። ከዚያ «አባት የሚቆጠረው ለርስት ብቻ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባም ነው። ቆጠራ እንደ ፈረስ ነው፤ አንድ እግሩ ከጎደለ አይቆምም።» አጥርቼ እስክደግመው ድረስ ከበቅሎዋ አላወረዱኝም።

እርስዎና እናቴ ስትካፈሉ፣ የአባታችሁን የወንዝ ማዶ እርሻ እርስዎ ወሰዱ። ከሽታዬ በእናታችሁ በኩል የወረደው የምንጩ ግርጌ ለእናቴ ደረሰ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔን ያስተማረችኝ በዚያ መሬት ገብስ ነው። ደርበው «የጎሹ ዘር እኔ ነኝ፤ መሬቱም የኔ ነው» ብሎ ሲከሳት እንኳ አልደነገጠችም። ዳኛው ምስክር ጥሪ ሲላት «ወንድሜ አለ፤ እሱ ያለው ይሁን» አለች። በአገሩ ከእርስዎ በቀር አባት የሚቆጥር ሽማግሌ እንዳልቀረ ሁሉም ያውቃል።

እኔ ተነሥቼ «ምንጩስ ታዲያ በማን ስም ይጠራል?» ስል ደርበው ያለውን ሰምተዋል። «ከጋራው በስተጀርባ የጅብ ዋሻ የሚባልም አለ፤ ጅብም ርስት ይካፈል?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው «ልጅት፣ ተቀመጪ፤ ምስክሩን የመረጠችው እናትሽ ናት» አለኝ። እርስዎ አልሳቁም። መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ አላለቀሰችም። «አርጅቶ ነው፣ ረስቶት ነው» አለችኝ። እኔም ላምናት ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ ሸጋ ወደ ዳንግላ መጥታ እኔ ዘንድ አደረች። ከጥምቀት በኋላ የደርበውን ልጅ ነጋን እንደምታገባ ነገረችኝ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ቄሱ ዝምድና እንዳይኖራቸው ጠይቀው ነበር አሉ። «አባባ ራሱ ቆጥሮ የለም አላቸው» አለችኝ። ቆየት ብላም «አንቺ ደግሞ ምነው ጣትሽን ትቆጥሪያለሽ? ለተማሪዎችሽ ማርክ እየሰጠሽ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

በአንድ እጄ ከሽታዬ ወደ ሸጋ፣ በሌላው ከጎሹ ወደ ነጋ ስወርድ ነበር። ሁለቱም እጆቼ ትንሿ ጣት ላይ አለቁ፤ ሰባት ቤት አልሞላም። «ብርዱ ነው» ብዬ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁ። ለሸጋ ሌላ ምንም አልነገርኋትም።

አጎቴ፣ ዳኛው ፍርዱን የሚሰጠው ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ ነው። እስከዚያ ድረስ ምስክር ቃሉን ማቃናት እንደሚችል ጠይቄ ተረድቻለሁ። ይህን ወረቀት የምታደርስልዎ ትናንት ስንቅ ልታመጣልኝ የመጣችው እናቴ ናት። ማንበብ አትችልም፤ እኔም አላነበብሁላትም። ምን እንደ ጻፍሁ ብትጠይቅዎ፣ የሚነግሯት እርስዎ ነዎት።

ሸጋን እንደ እህቴ እወዳታለሁ፤ ስታለቅስ ማየት አልፈልግም። ቤትዎን ሰላም ያድርገው፤ ከብትዎ ይርባ፤ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ለዚያ እሑድም እግዚአብሔር ልብዎን ያበርታው። በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ያስተማሩኝን አልክድም። ከእንግዲህ ግን ሽታዬ የምትዘለልበትን ቆጠራ አልቀበልም፤ ለርስትም ቢሆን፣ ለሰርግም ቢሆን።

የእህትዎ ልጅ፣
የሽታዬም ልጅ