ቦራን ጠምጄ ያረስኩበት ዓመት

የኔ ጌታቸው፣

ከተለያየን በዚህ ታኅሣሥ ሦስት ዓመት ሆነን። ልጆችህ ደህና ናቸው። ትርንጎ በቁመት አልፋኛለች፤ ስትስቅ ደግሞ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እርሻችን ነው።

አንዱን በሬ ለተዝካርህ ስላረድነው ቦራ ብቻውን ቀረ። እኔም መሬቱን ሁለት ዓመት ለእኩል አራሽ ሰጠሁት። ሰውዬው ወደ እኛ የሚመጣው የራሱን ጨርሶ ነው፤ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ደግሞ ምን ይሆናል? ከዚያችው ላይ ግማሹን ይወስዳል። ሁለቱንም ዓመት ነሐሴ ሳይገባ ጎተራችን ተራቆተ፤ ልጆቹን ጎመን እየቀቀልኩ አከረምኳቸው።

ባለፈው ግንቦት በቃኝ። ጎረቤታችን አስካለም እንደኔው ባሏ ሞቶባታል፣ እሷም ያላት አንድ በሬ ነው። በሬዎቻችንን አቀናጅተን ራሳችን ልናርስ ተስማማን። ምሳ ሳመጣልህ፣ ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብለህ አይተህ አንድ ፈር ታሳርሰኝ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ያ ጨዋታችን ነው ያደፋፈረኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ማረሻው ይዘልብኛል፤ ቦራ የአስካለን በሬ እየጎተተ ወደ ወንዙ ወረደ፤ አስካለ በሳቅ ፍርስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንዶቹ ዳገቱ ላይ ቆመው ያዩናል። የከበደኝ ግን የእናትህ ነገር ነው። «የልጄን እርፍ ሴት ጨበጠችው» ብለው አኮረፉኝ፤ ቤቴን መርገጥ ተዉ። አለቀስኩ፤ በማግስቱም ጠመድኩ። በሳምንቱ ፈራችን ቀና፤ በሰኔ ከሰው እኩል ዘራን።

ገብሱን የወቃን ቀን እናትህ ሳይጠሩ መጡ። ክምሩን ዞረው አዩት፤ ከዚያ መጥረጊያ አንስተው የአውድማውን ዳር ይጠርጉ ጀመር። ከመዘዞ ገበያ የሚመለስ አንድ ሰው ቆሞ «ማን አረሰላችሁ?» ሲል ቀና አሉና «ምራቴ» አሉት። «ፈሯ ከልጄም ይቀናል።» እንግዲህ አትቀየማቸው።

ጎተራው ሞልቷል፤ የተካፈለን የለም። ከታች መንደር ያለች ባል የሌላት ሴት አስተምሩኝ ብላ መጥታ በበልግ ልንጀምር ተቃጥረናል።

በሕይወት እስካለሁ፣ በዘር ቀን የመጀመሪያዋን እፍኝ ስምህን ጠርቼ እበትናታለሁ። የበቀለውንም ልጆችህ ይበሉታል።

ያንተው ጥሩነሽ