ከወንዙ ዳር ሳላመጣህ ተመለስሁ

ዓለሜ፣ እንደምን ነህ ብልህ የምትመልስልኝ አይደለህም፤ እኛ ግን እንዳለን አለን። ከተለየኸን ወዲህ ገብሱ ሁለት ጊዜ ታጭዷል። አባቴ ሴት ልጃቸውን ፊደል በማስቆጠራቸው አገር ሲስቅባቸው ኖሮ፣ ለካ ለአንተ እንድጽፍ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ቦራውን በሬ ባንዶች ለጣሊያን ምሽግ ነድተው ወሰዱት፤ የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን እናርሳለን። በሆዴ ትተሃት የሄድኻት ልጅህ መሮጥ ጀምራለች፤ ስትቆጣ ቅንድቧን እንዳንተ ትሰበስባለች። ያቺ ስታማኝ የኖረች ጎረቤታችንማ ልጇን ለባንዳ አለቃ ድራ፣ በሰርጉ ማግስት ጫማ አጥልቃ ቤተ ክርስቲያን መጣች! ብትኖር እንዴት ትስቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እናትህ፣ "ልጄ እንደ አውሬ በረሃ አይቀርም፤ አፅሙ ከአባቱ ጎን ይረፍ" ብለው በደብሩ ቅጥር ጉድጓድ አስምሰው ጠበቁህ። ክረምቱ ሳይገባ ላመጣህ ተነሳሁ። አብረውህ ሲዋጉ የነበሩት ጓደኞችህ፣ ከእብናት ወዲያ ወደ በለሳ ቆላ የሚወርደውን ወንዝ ይዘሽ ሂጂ፣ ትልቁ ሾላ ሥር ነው ብለውኛል። አብራኝ የመጣችው ከድጃ ናት፤ ከአንተ ጋር በአንድ ቀን የወደቀው የሸማኔው የሰኢድ ሚስት። እሷስ ልታመጣው አይደለም፤ በእነሱ ዘንድ የተቀበረ አይነካም፤ ዱዓ አድርጋለት ልትመለስ ነው።

ዋናውን መንገድ የጣሊያን መኪና ስለሚመላለስበት በወንዙ ዳር ወረድን። ምን ዓይነት አገር ነው የሞትህበት! ተራራው ራቁቱን ቆሟል፤ ከግራር እሾህና ከቀይ ድንጋይ በቀር የለበሰው የለም። ወንዙም እዚህ ይፈስና እዚያ አሸዋ ይውጠዋል፤ ሲጠፋብን አሸዋውን በእጃችን እየጫርን ጠጣን። ከድጃ እግሯ ቆስሎ እያነከሰች፣ "ወንድ ሲሞት እንኳ ቅርብ ቦታ አይመርጥም!" ብትል ሁለታችንም እየሳቅን አለቀስን። ወዲያው ትዝ ያልኸኝ ገና እንደተጋባን፣ ወደ ጋፋት ስንሄድ ነው። ጅረቱን አዝዬ ላሻግርሽ ብለህ ከነቀሚሴ ውሃ ውስጥ ጣልኸኝ፤ መጀመሪያ ያወጣኸውም ጠመንጃህን ነበር።

ሾላው ሥር ስንደርስ የድንጋዩ ክምር አንድ ብቻ ነው። ማንሳት ስጀምር የአንተ በርኖስና ሰኢድ ራሱ የሸመነው ቀይ ጥለት ጎን ለጎን ብቅ አሉ። ጓደኞችህ እየተተኮሰባቸው በአንድ ጉድጓድ አጋድመዋችኋል፤ ክርስቲያንና እስላም አንድ ላይ ቀበርን ማለቱን አፍረው ዋጡት። ከድጃ እጄን ያዘችኝ። "እቴ፣ የአንቺን አወጣለሁ ስትይ የእኔን አትበትኝብኝ።"

ያለፈው ጎርፍ የመቃብሩን ጠርዝ ገምሶታል። ብተውህ ክረምት ሊወስድህ ነው፤ ባወጣህ ደግሞ አጥንታችሁ ተደባልቋል፣ የትኛው አንተ እንደሆንህ በምን ለይቼ? ቁጭ ብዬ ብዙ አለቀስሁ። ከዚያ ድንጋዩን መለስሁት። ከድጃ ከወንዙ ሆድ ትልልቁን እያመጣች፣ እኔ እየደረደርሁ፣ ጎርፉ በሚመጣበት በኩል ካብ ካብንላችሁ። እሷ በቋንቋዋ ጸለየች፤ እኔም አባታችን ሆይ ደገምሁ።

ባዶ እጄን ስገባ እናትህ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ሁሉን ነገርኋቸው። "ልጄን ከሸማኔ ጋር ተውሽው?" አሉኝ። ያስማሱልህ ጉድጓድ ዛሬም ክፍቱን ነው፤ ከብት እንዳይገባበት በእሾህ ከበቡት።

ቄሱ ስመ ክርስትናህን በየቅዳሴው ይጠሩልኛል። እኔም ስምህን ለልጅህ እያስጠናኋት ነው፤ ተኮላትፋ ትለዋለች። ዛሬ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አላባራም፤ እዚያስ እንዴት ሆኖ ይሆን እላለሁ። ለመስቀል ከከድጃ ጋር ተቃጥረናል፤ ካቡን ልናድስ እንወርዳለን። ጎርፉ ቀድሞን ከወሰዳችሁም፣ ወንዙን ይዘን ወደ ታች መሄዳችንን አንተውም።