እርስዎ ሲያልፉ ብድግ ስለሚሉ ጉልበቶች

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ባሉበት ፎቅ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለወገብዎ መታዘዝን፣ ለአንገትዎ መዞርን፣ በተለይም ለጉልበትዎ ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። «በተለይ» ያልኩበትን ምክንያት ከታች እመለስበታለሁ።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖር፣ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ቀስ!» የሚሉኝ ተማሪ ነኝ። ስሜን ጠይቀውኝ ስለማያውቁ እዚህ መጻፉ ቦታ ማጣበብ ይሆንብኛል፤ መልስዎን «ለአንተ ልጅ» ብለው ቢልኩት በትክክል ይደርሰኛል። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍኩት ደፍሬዎት አይደለም፤ ማስታወቂያዎ ብቻውን ተንጠልጥሎ ሳየው አንጀቴን ቢበላኝ ነው።

ነገሩን ላልሰሙ ጎረቤቶች ባጭሩ ላስረዳ። አያቴ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ ዝገት የበላው ማጠፊያ ይመስል እሺ አይልም፤ እስኪፍታታም እሷ ትሰድበዋለች፣ እሱም ይንቋቋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ታዲያ የትም ፋርማሲ የማይገኝ መድኃኒት አዘዘችላት፤ መንቀሳቀስ። ጡንቻው ካልሠራ ጉልበቱን የሚያግዘው ያጣል፣ ስለዚህ በየቀኑ፣ በቀስታ፣ ባበጠና በጋለ ቀን ደግሞ ጋብ አድርጎ ማሠራት ነው አለቻት። አያቴም ብቻዋን መቸገር ስለማይሆንላት ጡረታ የወጡትን አዋላጅ፣ የልብስ ሰፊውን እናትና በአንድ ወቅት የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩትን ጋሼን አሰባሰበች። ጠዋት ጠዋት ግቢ ወርደው ግድግዳ ይዘው እግር ያነሳሉ፣ ባሉበት ይረግጣሉ፤ እኔ በስልኬ ሙዚቃ እከፍታለሁ፣ ጋሼ ደግሞ «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የሞተር ብልሽት?» ይሉኛል።

ይህ ሁሉ ደስታ እያለ ነው እንግዲህ ያ የማይረሳ ማስታወቂያዎ የወጣው፦ «በዕድሜ የገፉ ነዋሪዎች በግቢው ውስጥ የአካል እንቅስቃሴ ማድረጋቸው ለደኅንነታቸው አስጊ፣ ለክብራቸውም የማይመጥን ሆኖ ስለተገኘ ተከልክሏል። በምትኩ የመቀመጫ ወንበር ተዘጋጅቶላቸዋል።»

ስለዚህም ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. አያቴ እንዳትወድቅ ስለተጨነቁልን እናመሰግናለን። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ያለው የደረጃ መደገፊያ ከላላ ወዲህ በያዙት ቁጥር ይወዛወዛል፤ እሱ ግን በዕድሜ የገፋ ስላልሆነ እንቅስቃሴው እንደተፈቀደለት ተረድተናል።

፪ኛ. በስብሰባው ላይ «አሮጊት እግሯን ስታነሳ ማየት ለልጆች ምን ያስተምራል?» ብለው እንደጠየቁ ሰማሁ። ከልጆቹ አንዱ ነኝና በትሕትና ልመልስ፦ እግር እንደሚነሳ ያስተምራል።

፫ኛ. ወንበሮቹ በእውነት ምቹ ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ማስታወቂያዎን ያነበበ ጎረቤት ሁሉ ልቡ በርኅራኄ ተሞልቶ አያቴን ከወንበሯ ጋር ሊሰፋት ምንም አልቀረው። ውሃ ልትቀዳ ብትል «ኧረ አንቺ አትነሺ!»፣ መጥረጊያ ብታነሳ «ኧረ ነውር ነው፣ እኛ እያለን!»። እናቴ እንኳ ሳትቀር የወደቀ መሐረብ ለማንሳት ትሽቀዳደማት ጀመር። አያቴ እንዲህ በፍቅር ተከባ በተቀመጠች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አንዴ ብቻ ትንፋሿን ሰብስባ ትወጣው የነበረውን ደረጃ በየፎቁ ቆማ፣ እኔም ከኋላዋ እየደገፍኳት «አትግፋኝ፣ ጋሪ ነኝ እንዴ!» እያለችኝ የምትወጣው ሆነ።

ይህን የሰማው አጎቴ ነው ነገሩን ከቀልድ ያወጣው። «ደረጃውን ብቻዋን መውጣት ካልቻለች በሚቀጥለው ወር መጥቼ እወስዳታለሁ፤ የእኔ ቤት ደረጃ የለውም» ብሎ ደወለ። እውነቱን ነው፣ ቤቱ ደረጃ የለውም። አዋላጇም የሉበትም፣ ጋሼም የሉበትም፤ ከተማውም እንደ ልብ ደርሰው የሚመለሱበት አይደለም። አያቴ ስልኩን ዘግታ በሩን ከፈተችና ደረጃውን ቁልቁል ታየው ጀመር። እሷ ከሄደች ከእናቴ ቁጣ የሚያስጥለኝ አይኖርም። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀልድ ናት፤ ሌላው አይደለም።

፬ኛ. ትልቁ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው፣ ክቡር ሆይ። ሽማግሌዎቻችን ሕግ አክባሪዎች ናቸውና በታዘዙት መሠረት ጠዋት ጠዋት ወርደው ይቀመጣሉ። ነገር ግን ደግሞ ሰው አክባሪዎች ናቸው። አንድ ቀን እርስዎ የግቢውን በር ሊቆጣጠሩ በፊታቸው ሲያልፉ አራቱም ብድግ አሉልዎ። እርስዎም እንደ ወጉ «ኧረ ተቀመጡ፣ በሞቴ!» አሏቸው፤ እነሱም ተቀመጡ። ከበሩ ሲመለሱ እንደገና ብድግ። «ኧረ በፈጠራችሁ!» እንደገና ቁጭ። የረሱትን ቁልፍ ሊያመጡ ሲመለሱ፣ አሁንም ብድግ። እኔ ይህን ለባለሙያዋ ስነግራት እስክታነባ ስቃ፣ ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ለጭን ጡንቻ ከሚመከረው ሁሉ ዋነኛው መሆኑን ነገረችኝና «ኮሚቴያችሁ ባለሙያ ቀጠረ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሊቀመንበራችን ናቸው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እርስዎ ሳያውቁት የሕንፃው አሠልጣኝ ሆነው ሰንብተዋል። ጉንፋን ይዞዎት የቀሩ ለት ልምምዱ ተሰረዘ፤ ጋሼም «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ሥራ የሚያስፈታን?» ብለው አጉረመረሙ። ፍሬውም እየታየ ነው፦ ትናንት አያቴ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ሳትቆም፣ እኔንም ሳትሰድብ ወጣች። አንድ ፎቅ ቀራት። እሱም ያ የሚወዛወዝ መደገፊያ ያለበት ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት፣ ወይ ክልከላውን አንስተው መደገፊያውን ያስጠግኑልን፤ ይህ ከከበደዎት ደግሞ አጎቴ እስኪመጣ ድረስ በግቢው ቶሎ ቶሎ ይለፉልን። ሲያልፉ ዝግ ይበሉ። «ተቀመጡ» ለማለትም አይቸኩሉ፤ አቀማመጡም በቀስታ ነው የታዘዘው።

ለሚያደርጉልን ሁሉ፣ ሳያስቡት ላደረጉልንም ጭምር፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

የሁልጊዜ ታዛዥዎ፣
ቀስ ማለትን ገና በመማር ላይ ያለው
«አንተ ልጅ»፣ ከሦስተኛ ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ ስለ ጉልበትዎ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ወንበሮቹን ከደረጃው ፊት ለፊት ያስደረደሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ማንም የማያይዎት ሲመስልዎት ወደ ጎን ዞረው፣ ግድግዳውን አቅፈው፣ ከንፈርዎን ነክሰው እንደሚወርዱ አያቴ ቁጭ ብላ አይታለች። «ጉልበቱን አሞታል፤ አፍሮ ነው እንጂ» ብላ፣ ከዳር አምስተኛ ወንበር እንድጨምር አዘዘችኝ፤ ጨምሬያለሁ። ሊቀመንበሩ ከተቀመጡ ማን ያልፍላቸዋል ብለው እንዳይጨነቁ፤ እኔ አልፋለሁ። የአባቴን ኮት ለብሼ፣ እንደ እርስዎ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ቀስ ብዬ። እርስዎ ብቻ በእጅዎ ሳይደገፉ ብድግ ይበሉልኝ፤ «ኧረ ተቀመጡ፣ በሞቴ!» ለማለት እኔም አልቸኩልም።