ጡት የሌላት አጥቢ

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለፍንጭቴ፣

እግርሽ አሁንም ያብጣል? ስትቀመጪ ትራስ ላይ ስቀዪው። «እሺ ጋሼ» ብለሽ እንደማትሰቅዪው አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ግን ቤቱ ሰፍቶብኛል። ሬዲዮኑን ሳሎን ከፍቼው ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ፤ አንዳንዴ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ጎረቤታችን ግድግዳውን ትደበድባለች። እውነት ለመናገር ስትደበድብ ደስ ይለኛል። ቢያንስ አንድ ሰው ቤት ውስጥ መኖሬን አወቀ።

እሁድ ስትደውዪልኝ መስመሩ አልተቆረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። «ጋሼ፣ አባቴን አገኘሁት፣ እዚሁ ከተማ ነው የሚኖረው» አልሽኝ። እሰየው አልኩሽ። «ስወልድ ሆስፒታል እመጣለሁ ብሎኛል» አልሽኝ። እሰየው አልኩሽ። ከዚያ «ልጁ እሱን አያቴ ይለዋል፤ አንተን ግን ምን ብሎ ይጥራህ?» አልሽኝ። እዚያ ላይ እሰየው አለቀብኝ። አውቃለሁ፣ በክፋት አይደለም የጠየቅሽው። ይህን የምጽፈው መልሱን ልሰጥሽ ነው፤ ነገር ግን ስለ አንዲት እንስሳ ሳላወራሽ አይመጣልኝም።

ማተሚያ ቤቱ ዛሬም የተማሪዎች መጽሐፍ ሥዕል ያሠራኛል። አሁን የያዝኩት ስለ አጥቢ እንስሳት የሚያወራውን ምዕራፍ ነው። ላሟን፣ ድመቷን፣ ዓሣ ነባሪውን ጨርሼ አንድ ገጽ ቀረኝ፤ ፕላቲፐስ የምትባል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አፏ የዳክዬ፣ ጸጉሯ የድመት፣ ጅራቷ ጠፍጣፋ መቅዘፊያ። የመጀመሪያውን ቆዳ ያዩት ሊቃውንት ሰው ሰፍቶ ያታለላቸው መስሏቸው በመቀስ ክር ፈልገዋል። ውኃ ውስጥ ዓይኗንም ጆሮዋንም ዘግታ ትጠልቅና ከምትበላቸው ትሎች ሰውነት የምትወጣውን ቅንጣት ኤሌክትሪክ በምንቃሯ እየለየች ትለቅማቸዋለች። ገላዋ እንደ ሌሎቹ አጥቢዎች አይሞቅም፣ ቀዝቀዝ ይላል። እንዳንቺ ፍንጭት እንኳ አይደለችም፤ ካደገች በኋላ ጥርስ የሚባል የላትም። በዚህ ሁሉ ላይ እንቁላል ትጥላለች።

እኔ ታዲያ ዕድሜ ልኬን አጥቢ ስስል እንደኖርኩት፣ ሆዷ ላይ ጡቶች ደርድሬ፣ ሁለት ልጆች አጣብቄ ወሰድኩ። የሥነ ሕይወት አርታኢያችንን «ቀይ ቀለም» ነው የምንላት፤ ለምን እንደሆነ ወረቀቴን ብታዪው ይገባሻል።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለችኝ።

«ጡቶች ናቸዋ! አጥቢ ናት አላላችሁኝም?»

«አጥቢስ ናት፤ ጡት ግን የላትም። ወተቱ እንደ ላብ ከቆዳዋ ይወጣል፤ ልጆቿ ከጸጉሯ ላይ ይልሱታል።»

እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ሽማግሌው ለቀቀ ብለው ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ምን ያውቃሉ! ትዝ ያለኝ ያ ሹራብ ነበር። እናትሽ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ገና ጥርስ አላወጣሽም ነበር። ጡጦ እምቢ ብለሽ ቤቱን በለቅሶ አናጋሽው። የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ አረንጓዴ ሹራቧን ለበስኩ፤ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ፣ ደረቱ ሊተረተር ደረሰ። ወተቱን በማንኪያ ሳጎርስሽ ግማሹ ሹራቡ ላይ ፈሰሰ፤ አንቺም ጸጥ ብለሽ ከሱፉ ላይ ትመጥጪው ጀመርሽ። እንዲያ እያደረግን ነው እናትሽ ድና እስክትመለስ የከረምነው። አንድ ቀን በር ከፍታ ስትገባ እንዲያ ሆነን አየችንና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ደፍ ላይ ተቀመጠች። እሷን ሳገባ የሥራ ባልደረቦቼ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እያሉ ይተርቡኝ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅቷን ተወልዳ ነው ያገኘኋት፣ መጠበቅ እንኳ አላስፈለገኝም እላቸው ነበር።

ቀይ ቀለም እንደነገረችኝ ሊቃውንቱ ፕላቲፐስን ከማን ጋር እንደሚመድቧት ብዙ ዘመን ተጨቃጭቀዋል። እንቁላል የምትጥል ከላምና ከሰው ጋር እንዴት ትቆጠራለች የሚሉ ነበሩ።

«ታዲያ በመጨረሻ በምን ለዩዋት?» ብላት፣

«አጥቢ የሚያሰኘው ማጥባቱ ነው። በወተቷ ነዋ» አለችኝ።

ሌላም ስሕተት ሠርቼ ነበር። በምትፈለፍልበት ጉድጓድ ውስጥ ከእናቲቱ አጠገብ አባትዬውን አስተኝቼዋለሁ፣ ለጎጆው ቅጠል ይዞ። ቀይ ቀለም ገና ስታየው ሰረዘችው። ወንዱ ከተገናኛት በኋላ ለልጆቹ ምንም አያደርግም አለችኝ። ጉድጓዱን የምትቆፍረው እሷ፣ እርጥብ ቅጠሉን በጅራቷ አቅፋ የምታስገባው እሷ። መግቢያውን በአፈር ትደፍንና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥላ፣ በጅራቷና በሆዷ መካከል ይዛ ትጠቀለልባቸዋለች። ወንዱ ያለው ነገር ቢኖር የኋላ እግሩ ላይ መርዛም እሾህ ነው። ይህን የምልሽ አባትሽን ለመውጋት እንዳይመስልሽ፤ መጽሐፉ ነው ያለው! እሺ፣ ትንሽ ለመውጋትም ነው።

አባትሽን በማግኘትሽ ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሂጂ፣ አግኚው፣ አፍንጫሽን ከማን እንዳመጣሽው እዪ። እኔ የፈራሁት ለራሴ ነው። እናትሽ እያለች በእሷ በኩል ዘመድሽ ነበርኩ፤ አሁን እሷ የለችም። እሱ ደም አለው፤ እኔ ያለኝ አንድ ሹራብ ነው። ይህን እያሰብኩ ነው ስልኩን የዘጋሁት፣ ከዚያም እስኪመሽ ድረስ የሬዲዮኑን ወሬ አንዱንም ሳልሰማ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አባትዬውን ከጉድጓዱ አጠፋሁት። ነገር ግን ወረቀቱ በዚያ በኩል ባዶ ሆነብኝ፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ ደጅ፣ ወንዙ ውስጥ፣ ራሱን ብቻ ብቅ አድርጌ ሳልኩት።

«ይሄኛው እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ ቀይ ቀለም።

«ምንም። ይዋኛል።»

ብዙ አየችው። «ወንዝ ውስጥ መገኘቱስ ስሕተት አይደለም» ብላ አሳለፈችው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፤ ልጁ ጋሼ ብሎ ይጥራኝ። አንቺም የኖርሽው በዚሁ ነው፣ እኔም በዚሁ ዞሬ ማየት ለምጃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሽ፣ ትኩሳት ይዞሽ እጄን ጨብጠሽ «አባ፣ አትሂድ» ብለሽኝ ነበር። ሲሻልሽ ረሳሽው። እኔም አላነሳሁብሽም።

ሥዕሉን ገልብጬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፣ ለልጁ መኝታ ግድግዳ። ሹራቡም እሽጉ ውስጥ አለ። ሳላጥበው ነው የላክሁት፤ እናትሽን ትንሽ ይሸታል፣ ትንሽ እኔንም። ጡጦ እምቢ ካለ ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ። አድጎም ውኃው ውስጥ ያለው ማነው ብሎ ከጠየቀሽ፣ መልሱን ላንቺ ትቻለሁ።

አምላክ በሰላም ያገላግልሽ። ምጥሽን ያቅልልሽ፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ቤትሽን ድምፅ ይሙላው። ስትወልጂ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። አልዘጋም።

ጋሼሽ