የአባባ ሾፌር ጣሪያ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

የዕረፍት ቀን። ሁለት ነጭ ሸሚዝ አጠብኩ። የአንዱ አንገትጌ ምን ቢታሽ አይለቅም። ባልደረባዬ በረንዳ ላይ ጫማውን ይቀባል። ደንቡ ነው፣ ሚስዮናዊ ከባልደረባው ዐይን መራቅ አይፈቀድለትም። እኔ ሳጥብ እሱ እኔን ያያል፣ እሱ ሲቀባ እኔ እሱን። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይጠባበቁም።

ቤት ደወልኩ። እማዬ ስለ ምግቡ ጠየቀች፣ ስለ ብርዱ ጠየቀች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እስካሁን ማንም የለም?" አለች። የተጠመቀ ማለቷ ነው። ማንም። ለሚስዮን፣ ወንጌል ልሰብክ፣ ስወጣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አልቅሶ ነው የሸኘኝ። ይኸው ሰባት ወር ሞላኝ፣ አንድ ሰው አላጠመቅኩም። "ይመጣል" አልኳት። መቼ?

የሳምንቱ አገልግሎት ተነገረን። ያለፈው ነፋስ የአንድ ሽማግሌ ጣሪያ ገሽልጦ ወስዷል። ምእመናኑ አዋጥተው ቆርቆሮ ገዝተዋል፣ ጉልበቱ የኛ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ሰውየው አባባ ሾፌር ይባላሉ። በዚህ ጭቃ መንገድ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተዋል። አሁን ወገባቸው አልታዘዝ ብሏቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ አብዛኛውን ቀን ወንበር ላይ ናቸው። የኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደሉም፤ የራሳቸው አላቸው፣ ኮረብታው ላይ ያለው። ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልጅቷ ትልቅ ሴት ናት፣ ንግግር አታበዛም። ጣሪያውን በላስቲክ ሸፍነው ነው የሚያድሩት።

መሰላል ስወጣ ከታች ሆነው "ቀስ በል ልጄ፣ ዳገት ላይ ነህ፣ ማርሽ ቀንስ" ይሉኛል። ባልደረባዬ ሳይቀር ሳቀ። እሱ ሲስቅ ብርቅ ነው።

ልጅቷ ሻይ አመጣች። በእምነታችን ሻይ አንጠጣም፣ አስረዳናት። ወተት አመጣች። አትቸገሩ አልን። ዳቦስ? ምሳችንን ይዘናል አልን። ትሪውን እንዳለ ይዛ ተመለሰች። ያላቸው ትንሽ ነው፣ እንዴት ይበላባቸዋል?

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

የበሰበሱትን እንጨቶች ስናወጣ ዋልን። ቆርቆሮ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ብዙ አይደለም።

ዛሬ ድንች ቀርቦ ነበር፤ ተቀቅሎ፣ እየጨሰ። ባልደረባዬ "እኛ ለማገልገል እንጂ ለመብላት አልመጣንም" አላቸው፣ በትሕትና። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አምሮኝ ነበር እኮ… ከሰዓት ሲያካፋ አባባ ሾፌር የሥራ ካፖርታቸውን አውልቀው ሊሰጡኝ ሲሉ እምቢ አልኩ። እጃቸው ላይ ይዘውት ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ራሳቸው መልሰው ለበሱት።

ለዕረፍት በተቀመጥን ቁጥር ስለ እምነታችን እናወራለን። እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ወይም ያንቀላፋሉ፣ አይታወቅም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

አጥምቁኝ አሉ!

የመጨረሻውን ቆርቆሮ መትተን ወርደን እጃችንን ስንታጠብ ነው። "እናንተ ቤት መጠመቅ እፈልጋለሁ። ይሄኛው ልጅ ያጥምቀኝ" ብለው በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔን! ባልደረባዬ ዐይኑ እንባ ሞላ። ቅዳሜ የአካባቢው ሚስዮናውያን መሪያችን መጥቶ ያነጋግራቸዋል፣ ከዚያ ቀን ይቆረጣል።

በደስታ ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ለእማዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ስለማመድ አመሸሁ።

ልጅቷ ግን ለምን ቤት ገብታ በሩን ዘጋች?

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ለፍሳሹ ቦይ ልንቆፍር ሄደን ነበር። ቧንቧው ጋ ባልዲ ስሞላ ልጅቷ ተከትላኝ መጣች። ባልደረባዬ ከቦዩ ሆኖ ያየናል፣ ግን አይሰማም። ልብስ እያለቀለቀች ነው የምታወራው፣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እናቷ ኮረብታው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው የተቀበረችው። ከጎኗ ያለው ቦታ የአባቷ ነው። ያን ሁሉ ዳገት በዚያ ወገባቸው እየወጡ አረሙን የሚነቅሉት እሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ከተጠመቁ ግን እዚያ አይቀበሩም።

"ታዲያ ለምን?" አልኳት።

"ሻይ አቀረብን፣ እምቢ። ዳቦ እምቢ። ካፖርቱን እንኳ እምቢ። ምን ይስጣችሁ? እናንተ የምትቀበሉት መጠመቁን ብቻ ሆነበት።"

ባልዲው ሞልቶ ጫማዬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።

ለባልደረባዬ ነገርኩት። "የሰው ልብ መርማሪ ማን አደረገህ?" አለኝ። አገልግሎቱን ሊጨርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል። ክፉ ሰው አይደለም። ማታ ተንበርክኮ ስለ አባባ ሾፌር ረጅም ጸሎት ጸለየ፣ ከልቡ ነው። እኔስ? እኔ እማዬን ነው ሳስብ የነበረው። አንድ ሰው አጠመቅኩ ስላት የምትለውን…

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ተናገርኩ።

መሪያችን ከራሱ ባልደረባ ጋር መጣ፤ ቢበልጠኝ ሁለት ዓመት ነው። አባባ ሾፌር ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው በሩ ላይ ይጠብቁ ነበር። ሲላጩ አገጫቸው ላይ ተቆርጠዋል። አንጀቴን በሉት። ሊያስገቡን ሲሉ ነው አፌን የከፈትኩት። ለብቻ ልነግራቸው በምን አቅሜ? ደንቡ አለ፤ ስለዚህ ሁሉም ፊት ሆነ።

"አባባ፣ ለኛ ብለው ከሆነ ይቅር። ጣሪያውን የሠራነው ምንም ፈልገን አይደለም። ከባለቤትዎ ጎን ያለውን ቦታ በኛ ምክንያት እንዳያጡ።"

ባልደረባዬ በክርኑ ጎሰመኝ። አባባ ሾፌር ፊታቸው ልውጥ አለ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ ያለ ቲኬት ያሳፈርኩት ሰው ብዙ ነው" አሉ። "እኔ ግን ያለ ቲኬት ተሳፍሬ አላውቅም። በስተርጅና አንተ ለማኝ አደረግኸኝ።"

መሪያችን ቀስ ብሎ፣ ከልብ አምነው ነው ወይስ ለእነዚህ ልጆች ብለው ነው ሲል ጠየቃቸው። እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ጥምቀቱ ቀረ።

መሪያችን ትክክል አድርገሃል አለኝ። ትክክል ካደረግኩ ለምንድነው እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ የመጣሁት? ባልደረባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አልፈርድበትም።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ከጸሎት ስንመለስ ቆርቆሮዎቹ በራችን ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም። ምስማሮቹ እንኳ ተነቅለው በጣሳ ተቀምጠዋል።

የሰፈር ጎረምሶች ተሸክመው እንዳመጡት አከራያችን ነገሩን። አባባ ሾፌር ዕቃችንን እንድንረከብ ልከዋል።

"አሁን ደስ አለህ?" አለኝ ባልደረባዬ። ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይሄንን ብቻ ነው።

ዝናቡ ጀመረ። ምግብ አላሰኘኝም። እዚህ ደረቅ ክፍል ውስጥ ተኝቼ ያንን ቤት አስባለሁ… ቦታቸውን አዳንኩላቸው፣ ቤታቸውን ግን አፈረስኩ። ምን ዓይነት አገልጋይ ነኝ?

ሰኞ፣ ሰኔ 10

እማዬ ጠየቀች። ማንም የለም አልኳት። ይመጣልም አላልኩም። ደህና ነህ ወይ አለችኝ። ደህና አይደለሁም አልኳት። ከቤት ከወጣሁ እንዲህ ብያት አላውቅም።

ከዚያ ባልደረባዬን ለመንኩት፤ ብቻዬን መሄድ አልችልም። ሳያናግረኝ ጫማውን አደረገ።

ልጅቷ ከፈተችልን። ቤቱ ውስጥ ያልተደቀነ ሳፋ፣ ያልተቀመጠ ድስት የለም፤ ላስቲኩ በየቦታው ያፈሳል። አባባ ሾፌር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ተቀመጡም አላሉን። ሻይም፣ ዳቦም፣ ምንም። ሳምንቱን ሙሉ እምቢ ያልኩት ነገር ዛሬ ሳይቀርብልኝ ሲቀር ሆዴ ባባ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ነፃ ስጦታ፣ ስለ ፍቅር። ሁሉም ጠፋኝ።

"አባባ፣ ርቦኛል" አልኩ።

እውነቴን ነው፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው "ሰምተሻል?" አሉ።

ድንች ነው፣ በትናንት ዳቦ። ጨው በዝቶበታል። ባልደረባዬም ሰሐኑን ተቀብሎ መብላት ጀመረ። ከላይ ጠብታ እየወረደ ሰሐኔ ውስጥ ይገባል፣ ከነውሃው በላሁት። ስጨርስ ሰሐኔን ለልጅቷ ዘርግቼ ጨምሪልኝ አልኳት። አፍሬ ነበር፣ ግን አልኩ። አባባ ሾፌር ቀና ብለው ተቀመጡ። "ይሄ ልጅ ለካ ይበላል" አሏት፤ እንደ መቆጣትም እንደ መኩራራትም እያደረጋቸው። እሷም ከድስቱ ሥር ያለውን ጠርጋ አመጣችልኝ።

እስክንነሣ ስለ ጥምቀት ማንም አላነሳም። በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ጠሩን።

"ነገ ቆርቆሮውን ይዛችሁ ኑ" አሉ። "ምሳ ግን እንዳትይዙ።"