ታንከሩና አያቴ

ሰኞ፣ ማርች 3
ነፋስ። ያጠብኩት ልብስ አሸዋ ይዞ ደረቀ። አባዬ እንደ ወትሮው ቧንቧ ሲበይድ ዋለ። እኔና አያቴ በተጎታች ቤታችን ውስጥ ተቀምጠን... ሽንት ቤቱ መሽተት ጀምሯል። አያቴ ሎሚ ቆርጣ አጠገቡ አስቀመጠች። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ከሽንት ቤቱ ሥር ያለው የቆሻሻ ታንከር ሞልቷል የሚለው ቀይ መብራት በራ። አባዬ ወጥቶ የፍሳሹን ቱቦ በእርግጫ መታው። ምንም። ደገመው።
«ሶፍት ነው። እናንተ ሴቶች ጥቅልሉን እንዳለ ትከቱታላችሁ።»
የሚያየው እኔን ነው። አያቴ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሶፍት እኮ እኔን የሚያህል ቆጣቢ የለም። ለምን አልተናገርኩም? መቼስ ተናግሬ አውቃለሁ...
ከዛሬ ጀምሮ የተጎታች ቤቶች ሰፈሩን የጋራ መጸዳጃ ነው የምንጠቀመው። ሰው እስኪጠፋ ስጠብቅ ሆዴ ሊፈነዳ።

ረቡዕ፣ ማርች 5
አያቴ መጸዳጃው ድረስ መሄድ አልቻለችም። ጉልበቷ። ክንዴን ይዛ ግማሽ መንገድ ደረሰችና ቆመች። አሁን ጭራሽ ውሃ መጠጣት ትታለች፣ ላለመሄድ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።
አባዬ ለአክስቴ ለቨርሊን ደወለ። ቅዳሜ መጥታ አያቴን ወደ ኦክላሆማ ትወስዳታለች።
«ቨርሊን ቤት ደህና ሽንት ቤት አለ፣ እማዬ።»
«ሶፋውም በላስቲክ የተሸፈነ ነው» አለች አያቴ። «እኔንም ትሸፍነኛለች።»
ከሄደች አትመለስም። ሦስታችንም እናውቃለን። እኔ ከማን ጋር ነው የማወራው?

ሐሙስ፣ ማርች 6
ልብስ ማጠቢያው ጋ የሰፈሩ ኃላፊ ኒታ ያዘችኝ።
«የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ የታንከሩን ቫልቭ ክፍት ነው የሚተወው?»
ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አባዬማ ይኮራበታል። ክፍት ከሆነ አይሞላም፣ እኔም አልለፋም ይላል።
«አዬ ወንዶች። ክፍት ሲሆን ውሃው ብቻ ሾልኮ ይሄዳል፣ ሌላው እዚያው ይከመርና ይደርቃል። ዝጉት፣ ውሃ ሙሉት፣ የዕቃ ሳሙና ጨምሩበት። ከዚያ ቤቱን ጎትታችሁ ኮረኮንች ላይ አንገጫግጩት፣ እየተናወጠ ይላቀቃል።»
ማታ አባዬ ሲበላ አፌን ከፈትኩ። «ጨው አቀብለኝ» አልኩ። ጨው... ራሴን ጠላሁት።
ሌላም ነገር አለ። በቀጭኑ ግድግዳ ሁልጊዜ ይሰማኛል፤ አያቴ የሽንት ቤቱን የውሃ ፔዳል በእግሯ ነካ አድርጋ ትለቀዋለች። ጠብ ብቻ። ልጅ ሆና ውሃ በበርሜል ነበር የሚመጣላቸው። ይህንንስ ማን ይነግራታል?

ዓርብ፣ ማርች 7
አያቴ የሌሊት ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስታስገባ አየሁ። ከዚያ...
«አባዬ፣ ሶፍት አይደለም።»
«ምን አልሽ?»
«ቫልቩ ነው። ክፍት የምትተወው አንተ ነህ።»
«ስንት ዓመት እንዲህ ሳደርግ ምንም አልሆነም።»
«ብቻህን ስትኖር ሥራ ቦታ ነበር የምትጸዳዳው።»
ማቆም አቃተኝ። ወደ አያቴ ዞርኩ። «አንቺም፣ እማማ፣ ውሃ ትሰስቻለሽ። ፔዳሉን ረግጠሽ ቆዪ።»
ፊቷ ቀላ። ገደልኳት ብዬ አሰብኩ።
«ለእንደዚህ ያለ ነገር ንጹሕ ውሃ?» አለች። «አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳል።»
«ሲነሳ ቱቦውን ያግዘኝ» አለ አባዬ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።
ቫልቩን ዘጋን። ውሃውን በጎማ፣ በመስኮት አሳልፈን ሽንት ቤቱ ውስጥ ሞላን። ሳሙናውን እኔ ጨመርኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ጠዋት ቤታችንን በመኪና እየጎተትን ኮረኮንቹን ስንመላለስ አክስቴ ቨርሊን ደወለች።
«ሮይስ፣ ቦታችሁ ላይ ቆሜያለሁ። ቤታችሁ የት ሄደ?»
«ሽንት ቤቱን እያንሸራሸርነው ነው» አለ አባዬ።
ስንመለስ አባዬ ጓንቱን ለእኔ ሰጠኝ። «ያወቅሽበት አንቺ ነሽ፣ እንግዲህ ክፈቺው።» እጀታውን ሳብኩ። ምንም... ከዚያ ቱቦው ተንፈራገጠ። አክስቴ አፍንጫዋን ይዛ ወደ መኪናዋ ሸሸች። ስለ ድምፁ አልጽፍም። ሞልተን ደግመን ለቀቅን፤ ሁለተኛው ቀለለ።
«ሻንጣሽን ላምጣው?» አለቻት አክስቴ።
«ሻንጣው እዚያው ይቀመጥ» አለች አያቴ። «ምሳ ብይና ሂጂ።»

እሑድ፣ ማርች 16
ታንከር የሚለቀቅበት ቀን። አሁን የእኔ ሥራ ነው። አባዬ ቫልቩን እንዳይነካ አስምዬዋለሁ። እኔ ውጭ ከቱቦው ጋር፣ አያቴ ውስጥ ከባልዲዋ ጋር።
«ይበቃል?» ትላለች በመስኮት።
«አይበቃም፣ ጨምሪ።»
«ባልዲ ሙሉ ደፋሁ እኮ።»
ውሸቷን ነው። ግማሽ ነው የደፋችው፣ ቱቦው ውስጡን ያሳያል፣ ያለፈውን አይቻለሁ። መቼ ነው የምታምነኝ? «እማማ፣ ገና ቆሻሻ ነው የሚወርደው፤ ሙሉውን ድፊው» ብዬ ጮህኩ።
ትናንት ማታ ተጎታች ቤቱን ጎናችን ያቆመው ሰውዬ በፒጃማ ወጣ። «ማን ነው በጠዋት ስለ ቆሻሻ የሚጮኸው?»
«እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «አንድ ባልዲ ድገሚ።»